የአብሮ አደጌ መጽሐፍ ሊመረቅ ነው፤ መድረክ ላይ ምን ልበል?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። አዲስ አበባ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። አንድ አብሮ አደግ አለኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ ወሬ ሲይዝ ሰፈሩን አፍ የሚያስከፍት ልጅ ነው። ለዓመታት ሲጽፈው የኖረው ምናባዊ (ፋንታሲ) ልብ ወለድ በቅርቡ ከማተሚያ ቤት ወጣ። ያሳተመው በራሱ ገንዘብ ነው፤ የዕቁብ ዕጣውን አውጥቶ፣ የጎደለውን ከእህቱ ተበድሮ።

ታሪኩ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ነው። የአንድ ደብተራ ልጅ፣ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ፣ የሟች አባቷን ክታብ ትወርሳለች። ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ እንደሚዘጋጅ ታውቁታላችሁ። ይኼኛው አጋንንት ያስራል፣ የተዘጋ ይከፍታል። ግን ያስከፍላል። በተጠቀመችበት ቁጥር ብራናው በአንድ ጣት ያጥራል፤ እሷም አብራ ታጥራለች። አንድ ሌሊት በሩ መቃን ላይ ቁመቷን ስትለካ፣ በፊት በከሰል ያደረገችው ምልክት ከራሷ በላይ ሆኖ ታገኘዋለች። እዚህ ጋ ስደርስ ጸጉሬ ቆመ። እስከ ሰባኛው ገጽ ድረስ ሻዬ ቀዝቅዞ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደነካው እንጃ። ልጅቷ ክታቡን በየገጹ እየመዘዘች ትጠቀማለች፤ ማጠሯን ግን እሷም ደራሲውም ረስተውታል። በረዶ የለበሰ ተራራ ይመጣል። ክንፍ ያለው ዘንዶ ይመጣል። ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ባለ በትር ሽማግሌ “የተመረጥሽው አንቺ ነሽ” ይላታል። መሐል ላይ ስለ አንድ የጠፋ መንግሥት አርባ ገጽ ይተረካል። መጨረሻ ላይ አባትየው ከሞት ይነሳና ሁሉም በሰላም ይኖራል። መጽሐፉን ዘግቼ ተናደድኩ። ብዙ መጥፎ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ እንደዚህ ያናደደኝ ግን የለም።

ምረቃው ከሁለት ሳምንት በኋላ በወመዘክር አዳራሽ ነው። ዳሰሳ የማቀርበው እኔ ነኝ። እሺ ያልኩት ሳላነበው ነው። መድረክ ላይ ወጥቼ ልዋሽ? አሞኛል ብዬ ልቅር? እውነቱን ብነግረው ይቀየመኛል? ደግሞ እኔ ፋንታሲ የማዘወትር ሰው አይደለሁም። ያልገባኝ እኔ ብሆንስ? ስንት ቅጂ መግዛት ይጠበቅብኛል?»

ግራ የገባት መምህርት

ውድ መምህርት፣

«ያልገባኝ እኔ ብሆንስ?» ካልሽው ልጀምር። ገብቶሻል። ያቀረብሽው ቅሬታ ስለ ዘንዶ ዝርያ ወይም ስለ አስማት ዓይነት የተለየ ዕውቀት አይጠይቅም። መጽሐፉ አንድ ሕግ ሰጠኝ፣ ከዚያ ራሱ አፈረሰው ነው ያልሽው። ይህን ለማየት ያነበቡትን አለመርሳት ይበቃል። የተናደድሽውም ለዚህ ነው። ከመነሻው ደባሪ ቢሆን ኖሮ ሃያኛው ገጽ ላይ ጥለሽው ትተኚ ነበር። ያበሸቀሽ መጀመሪያ ልብሽን መስቀሉ ነው።

አሁን ስለ ሐሳቡ ትንሽ ላውራ። መድረክ ላይ የምትይው ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው።

ጓደኛሽ የመረጠው ነገር ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ክታቦች ለንደንና ፓሪስ ባሉ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ተቀምጠዋል፤ ተመራማሪዎችም ብዙ ጽፈውባቸዋል። ደብተራው የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ፍቆ ብራና ያወጣል። ቁርጥራጩን ጫፍና ጫፉን ሰፍቶ አንድ ረጅም ጥቅል ያደርገዋል። ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ። ጸሎቱ በግእዝ ነው፤ አብዛኛው በጥቁር ቀለም፣ መክፈቻውና ክቡር ስሞች በቀይ። በየመሐሉ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ አለ። አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ያሉበት፣ ጠልሰም የሚባል ሥዕል አለ። ሕፃናት የምትገድለው የውርዝልያና እሷን ያሸነፈው የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ብዙዎቹ ላይ ይገኛል። ከዚያ ይጠቀለልና የቆዳ ማኅደር ውስጥ ገብቶ አንገት ላይ ይንጠለጠላል።

ባለቤቱ በክርስትና ስሙ ይጻፍበታል። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የድሮው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይገባል። ፍቁ እስከ ዛሬ በግልጽ የሚታይባቸው ክታቦች አሉ። እኔ ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር አንድ ልብ ወለድ እዚያ ፍቅ ላይ ተኝቶ ይታየኛል።

ወደ ጓደኛሽ መጽሐፍ እንመለስ። ልጅቷ የወረሰችው የአባቷን ክታብ ነው። እንግዲያው ልኩ የአባቷ ቁመት ነው። አባት ደግሞ ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ይረዝማል። ታዲያ ያ ትርፍ ብራና የማን ነው? ምናልባት የመጀመሪያዎቹን ጣቶች የምትከፍለው ከአባቷ ቁመት ላይ ነው። ምንም የማይነካት መስሏት ደስ ብሏት ትጠቀማለች። ክታቡ እያጠረ፣ እያጠረ፣ አንድ ቀን ልክ እሷን ያህላል። ከዚያች ቀን በኋላ የራሷ ሥጋ ነው የሚከፍለው። እንዲህ ቢሆን አንባቢው ያቺን ቀን ጥፍሩን እየነከሰ አይጠብቅም?

በዚያ ላይ ልጅቷ ገና በማደግ ላይ ናት። በአንድ በኩል ዕድሜዋ ያረዝማታል፣ በሌላ በኩል ክታቡ ያሳጥራታል። እናቷ «ይቺ ልጅ ምን ነካት፣ አላድግ አለች» ብላ ጠበል ብትወስዳትስ? ክታቡ ላይ ያለው ስምስ? የአባቷ ነው። የራሷን ለማስገባት የሱን መፋቅ አለባት። የሞተ አባትን ስም በቢላ መፋቅ ብቻውን አንድ ምዕራፍ ነው። ጠላቷ የክርስትና ስሟን ቢሰማስ? የክርስትና ስማችሁን ለማንም አትንገሩ እየተባልን ያደግን ሰዎች ይህን ስናነብ እንዴት እንደምንደነግጥ አስቢው።

ይህን ሁሉ ያስቀመጠው ልጁ ነው። መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ክታብ፣ ቁመት፣ አባትና ልጅ ብሎ ሲደረድር ጥያቄዎቹ አብረው ገብተዋል። ግን ዞር ብሎ አላያቸውም። በረዶና ዘንዶ ፍለጋ ሄደ።

ጉድለቱ የት ላይ እንደሆነ አንቺም በደንብ ለይተሽዋል፤ እኔ ምክንያቱን ልጨምርልሽ። ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል የታወቀ አሜሪካዊ የፋንታሲ ደራሲ አለ። በአስማት ላይ ካወጣቸው ሕጎች የመጀመሪያው፣ በአጭሩ፣ ደራሲ ችግርን በአስማት በደንብ መፍታት የሚችለው አንባቢው ያንን አስማት በተረዳው መጠን ነው የሚል ነው። ጓደኛሽ ይህን ሕግ ሰማውም አልሰማውም፣ መጀመሪያ ላይ በትክክል ይዞት ነበር። ጣት ሕፃን እንኳ የሚቆጥረው መለኪያ ነው። ሰባ ገጽ ሙሉ አብረሽ ስትቆጥሪ ነበር። ከዚያ በኋላ ቆጠራው ሲቋረጥ ፍርሃትሽም ተቋረጠ። ልጅቷ ምንም ብትሆን ክታቡን ትመዝዛለች፣ ትድናለች። ማን ይጨነቅላታል?

ምናልባት «ፋንታሲ እኮ ነው፣ ሁሉም ነገር ይቻላል» ይልሻል። አይቀርም፣ ይላል። ሁሉም የሚቻል ከሆነ አባትየውን ገና ገጽ አምስት ላይ ለምን አላስነሳውም? ይህን በፉገራ መልክ ልትጠይቂው ትችያለሽ። መልሱን ሲፈልግ ራሱ ይደርስበታል። ደግሞ ያ ትንሣኤ ነው ከሁሉም በላይ የጎዳው። ልጅቷ የከፈለችው ሁሉ መጨረሻ ላይ ተመለሰላት ማለት ነው። ያነበብሽውም አብሮ ከንቱ ቀረ።

ስለ ዘንዶው ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። «የሀገራችን ባህል አይደለም» ብለሽ እንዳትከሽው። ዘንዶ ሞልቶናል። አርዌ የሚባለው አገሩን ይገዛ ነበር፤ ሕዝቡም ልጃገረድና ከብት ይገብርለት ነበር። በአንዱ አተራረክ አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ የበላች ፍየል አስውጦት ይገድለዋል፤ ራሱም ይነግሣል። የንግሥተ ሳባ አባት ነው ይሉታል። የደብረ ዳሞው ዘንዶ ደግሞ ደግ ነው። አቡነ አረጋዊን ወደ አምባው ያወጣቸው እሱ ነው፤ ዛሬ ወደ ላይ የሚወጣው ሰው በገመድ ነው የሚሳበው። በረዶውም ቢሆን ሐሰት አይደለም፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፣ አልፎ አልፎ ይጥልበታል።

ስለዚህ ክንፍ ያለው የፈረንጅ ዘንዶ ጎንደር ላይ ቢያርፍ እኔ በግሌ ደስ ነው የሚለኝ። ግን ካረፈ ይረፋ! ምን ይበላል? ገበሬው በሬው ሲጠፋ ለማን አቤት ይላል? ካህናቱ ምን አሉ? ቤተ መንግሥቱስ ግብር ጣለበት ወይስ ገበረለት? አርዌ ከነፍየሉ ከነግብሩ እስከ ዛሬ የሚወራው እነዚህን ጥያቄዎች ስለሚመልስ ነው። የጓደኛሽ ዘንዶ ከመጣበት አይታወቅም፣ የሄደበትም አይታወቅም። የባለ በትሩ ሽማግሌም እንደዚሁ። ልጅቷ ክታቡን የወረሰችው አባቷ ስለሞተ ነው። ይህ በቂ ምክንያት ነበር። «የተመረጥሽው አንቺ ነሽ» ሲላት የራሷን ኀዘን ነጠቃት።

አርባውን ገጽ እንለፈው። ሁሉም የፋንታሲ ጀማሪ አንድ የጠፋ መንግሥት አለው።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው አንድ ግምት አለኝ፣ ከራስሽ ደብዳቤ ያገኘሁት። ጓደኛሽ ተራኪ ነው። ወሬ ሲይዝ ሰፈሩን አፍ የሚያስከፍት ነው ብለሻል። ያ ሰባ ገጽ ለዓመታት ሲያወራው የኖረው ክፍል ይመስለኛል። ለአንቺ ባይሆን ለሌሎች ጓደኞቹ፣ ለእህቱ፣ ሻይ ቤት ለተሰበሰበ ሁሉ። እያወራው የሰው ፊት አየ። የሚያዛጋው የት ላይ እንደሆነ፣ «ከዚያስ?» የሚለው የት ላይ እንደሆነ ለየ። የበሩ መቃን ላይ ያለው ምልክት እንደዚያ አድማጭ ፊት የተሳለ ነው። የቀረውን ግን ለማንም አላወራም። ብቻውን ጻፈው፣ ምናልባት ለማተሚያ ቤት ቀብድ ከከፈለ በኋላ ተቻኩሎ።

የሕትመቱም ነገር አለ። እዚህ ሀገር በግሉ የሚያሳትም ሰው የፊደል ግድፈት የሚያርምለት አያጣም። መሐሉ ላልቷል፣ ይህን አርባ ገጽ አውጣ፣ ክታቡ ገጽ 71 ላይ ስንት ቀረው ብሎ የሚሟገተው አርታኢ ግን ብርቅ ነው። ወረቀት ተወዷል፤ ለአርታኢ የሚተርፍ ሳንቲም የለም። ረቂቁን የሚያነቡት ጓደኞች ናቸው። ጓደኛ ደግሞ «አሪፍ ነው፣ በርታ!» ይላል። ግማሹ አላነበበውም። ይቅርታ አድርጊልኝና አንቺም ሳታነቢ ነው እሺ ያልሽው።

እሺ፣ ምን ይደረግ?

አሞኛል ብለሽ አትቅሪ። ዳሰሳ አቅራቢ በመጨረሻ ሰዓት ሲቀር አዳራሽ ውስጥ የሚባለውን ታውቂዋለሽ። ልጁም ይገባዋል፤ የገባውን ግን ሊጠይቅሽ አይችልም። ከዚያ የከፋ ነገር የለም።

በዚህ ሳምንት አግኚው፤ በስልክ ሳይሆን በአካል። እንዲህ በይው፦ «ዳሰሳውን አቀርባለሁ። የማወራው ግን ስለ ክታቡና ስለ መጀመሪያው ክፍል ነው፤ እሱን ከልቤ ወድጄዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ላይ ጥያቄ አለኝ። ምረቃው ይለፍና ቁጭ ብለን እናወራለን። ይህ ካልተመቸህ ሌላ ሰው መፈለግ ትችላለህ፣ እኔ አልቀየምም።» ይህን ስትይው ፊቱ መለወጡ አይቀርም። «ምን ዓይነት ጥያቄ?» ይልሻል። ዝርዝር ውስጥ አትግቢ። መጽሐፉ ታትሟል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ቃል ሊቀይር አይችልም። አሁን ብትዘረዝሪለት መድረክ ላይ ቆሞ የሚያስበው ስለ ገጽ 71 ብቻ ነው። ምርጫውን ግን ሰጥተሽዋል፤ ሌላ ሰው ከፈለገም መብቱ ነው። እኔ እንደምገምተው አይፈልግም።

መድረኩ ላይ ዋናው ነገር ሐሰት አለመናገር ነው። ሁሉንም መናገር ግን አይጠበቅብሽም። ምረቃ ችሎት አይደለም። በሌላ በኩል አዳራሹ ውስጥ ያንቺን ቃል አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው አለ። ተማሪዎችሽም ሊኖሩ ይችላሉ። እሱም ሰው ነው፣ አትሸውጂው። «ዘመን ተሻጋሪ»፣ «የሥነ ጽሑፋችንን አቅጣጫ የቀየረ» የሚሉትን እዚያው ቦርሳሽ ውስጥ ተያቸው። ከታላላቅ ደራስያን ጋርም አታስተያዪው፤ ማንም ከዚያ ንጽጽር ተርፎ አያውቅም። ይልቅ ስለ ክታብ አውሪ። ብራናው እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ በቁመት ለምን እንደሚለካ፣ ስሙ ለምን እንደሚፋቅ። አንቺ የአማርኛ መምህርት ነሽ፣ ይህ ሜዳሽ ነው። ከዚያ የበሩን መቃን ገጽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ቀስ ብለሽ። ያ ገጽ ያለ አንቺ ምስክርነት ራሱን ይሸጣል።

ውይይት ሲከፈት አንድ ሰው ተነስቶ «መጨረሻውን እንዴት አየሽው?» ቢልሽስ? እንዲህ ዓይነት ሰው በየምረቃው አይጠፋም። «መጀመሪያው ያሳደረብኝን ጥያቄ መጨረሻው አልመለሰልኝም፤ ከደራሲው ጋር የምንከራከርበት ነው» በይና ተቀመጪ። እውነት ነው፣ አጭርም ነው። ጓደኛሽም አስቀድመሽ ስለነገርሽው አይደነግጥም።

ከምረቃው በኋላ ወዲያው አትሂጂበት። ሰዉ እንኳን ደስ ያለህ ይበለው፣ ያልተሸጠው ካርቶን ቤቱ ይግባ፣ አዟሪዎቹ ወስደው ይመልሱ። ወር ያህል ስጪው። ግን ከዚያ በላይ አታቆዪው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ሞቅ ሲልሽ በቀልድ መልክ ያመልጥሽና ያኔ ነው የምር የሚቀየምሽ።

ስትገናኙ ከሁለት ነገር አትለፊ። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «ገጽ 71 ላይ ልጅቷ ስንት ጣት ቀርቷት ነበር?» አንቺ አትመልሺለት። ራሱ ይቁጠረው። እርሳስ ስጪው፣ ክታቡ ከተመዘዘበት ገጽ ሁሉ ላይ አንድ አንድ ጭረት ያድርግ። እኔ ሳልቆጥር እገምታለሁ፣ መጨረሻው ላይ ስትደርሱ ልጅቷ ከጉልበት በታች ሆናለች። ሳትስቁ አትቀሩም። ሳቁ ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛው፣ መጽሐፉን ዝጋና መሐሉን ተርክልኝ በይው። እንደ ድሮው፣ እንደ ሰፈር። አንቺ ዝም ብለሽ አድምጪ። የሚዘልለውን ልብ በይ፤ አርባውን ገጽ ራሱ ይዘለዋል፣ አትጠራጠሪ። ሲተርክ ድምፁ የሚሞቅበት ቦታም ይኖራል። ምናልባት ከዚህ በፊት ያልጻፈውን ነገር ሲያወራ ልታገኚው ትችያለሽ። ያንን ቶሎ ብለሽ ማስታወሻ ያዢለት። እንዴት እንደሚጽፈው ግን አታስተምሪው። እኔ ከላይ ስለ ትርፉ ብራናና ስለሚፋቀው ስም የዘባረቅኩትንም እንደ ትእዛዝ አትውሰጂበት፤ የሱ መጽሐፍ ነው፣ የተሻለ መንገድ ሊያገኝ ይችላል።

«አሁን ምን ዋጋ አለው፣ ታትሟል እኮ» ካለሽ ይህን ንገሪው። እንግሊዛዊው የፋንታሲ ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን «ሆቢት»ን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። በመጀመሪያው እትም ጎለም የሚባለው ፍጡር በእንቆቅልሽ ውድድር ቢሸነፍ ቀለበቱን ሊሸልም ቃል ይገባል፤ ሲሸነፍም ብዙ አይከፋውም። በኋላ ቶልኪን ቀጣዩን ትልቅ ታሪኩን ሲጽፍ ያ ቀለበት ባለቤቱን የሚገዛ፣ ማንም በፈቃዱ የማይሰጠው ነገር ሆነ። የድሮው ምዕራፍ ከአዲሱ ጋር አልታረቅ አለ። ምን አደረገ? በ1951ዱ ሁለተኛ እትም ላይ ምዕራፉን ለወጠው። እንዲያውም የድሮውን አተራረክ የመጽሐፉ ዋና ባለታሪክ ቢልቦ ራሱ የዋሸው ውሸት አድርጎ ታሪኩ ውስጥ አስገባው። ብልጥ ሰውዬ። የቀለበቱ ሕግ ጥብቅ ሲሆን የታተመ መጽሐፍ እንኳ ተመልሶ ተስተካከለ ማለት ነው። ጓደኛሽ የመጀመሪያው እትም ሲያልቅለት፣ ወይም ሳያልቅ፣ ሁለተኛውን ከገጽ 71 ጀምሮ እንደገና መጻፍ ይችላል። ሰባው ገጽ በእጁ ነው። ብዙ ደራሲ እሱን እንኳ የለውም።

ይቀየመኛል ወይ ላልሽው፣ ለጊዜው አዎ፣ ሊቀየም ይችላል። ብድር ያለበትና ለዓመታት የደከመ ሰው «መሐሉ አልያዘኝም» ሲባል አይስቅም። ጥቂት ሳምንት ላይደውል ይችላል። አንቺ ደውዪ፤ ስለ መጽሐፉ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር። መጽሐፉን እሱ ያነሳዋል። ካነሳው ብቻ ቀጥዪ። ካላነሳው አንድ ጊዜ በደንብ ተናግረሻል፣ ይበቃል፤ በየቡናው እየደገምሽ አታድክሚው።

ስለ ቅጂው፣ ሁለት ግዢ። አንዱን ለትምህርት ቤትሽ ቤተ መጻሕፍት፣ ልጆቹ የመጀመሪያውን ክፍል ይወዱታል። አንዱን ለራስሽ፣ በእርሳስ ለምትሞነጫጭሪበት። በነፃ ውሰጂ ካለሽ እንቢ በይው፤ የእህቱ ብድር አለበት።